የሻላ ጸጥታ፣ የአብያታ ዝምታ

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ አብያታ ሻላን ሳያየው አያልፍም፤ የሚገባበት ግን ጥቂቱ ነው። ባቱ፣ አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ ወደኋላ ከቀሩ በኋላ በቀኙ መስኮት፣ ከግራሮቹ ማዶ፣ ነጣ ያለ የውሃ መስመር ብቅ ይላል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «ላንጋኖ ደረስን» ይላል። ላንጋኖ በግራ ነው። በቀኝ የሚታየው አብያታ ሲሆን ከእሱ ወደ ደቡብ፣ ከፊቄ ተራራ ጀርባ፣ ሻላ አለ። ሚኒባሱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ወደ አርሲ ነጌሌ ይገሰግሳል፤ ሁለቱ ሐይቆችም ለብዙዎቻችን ከመስኮት አሻግረን የምናውቃቸው ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ይህ ዘገባ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ፣ ድንኳን ጭኖ፣ በሻላ ዳር ማደር ለሚያስብ ሰው የተጻፈ ነው። የከተማ ጫጫታ የመረረው ሰው ወደዚያ ዳርቻ የሚሄደው ጸጥታ ፍለጋ ነው፤ ያገኘዋልም። እዚያ የሚሰማው ጸጥታ ግን ከሁለት ምንጭ የመጣ ነው። አንዱን ተፈጥሮ ከጥንት ያኖረችው ነው። ሌላው በእኛ ዘመን፣ በእኛ እጅ የተሠራ ነው። ድንኳን ተክሎ የሚያድር ሰው የትኛውን እየሰማ እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

## ስካውቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው

የፓርኩ ዋና በር ዶሌ በሚባለው ሥፍራ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ይገኛል። የመግቢያውና የድንኳን ማሳደሪያው ሒሳብ እዚያ ይከፈላል፤ ስካውት የሚባለው የፓርክ ጠባቂም የሚመደበው እዚያ ነው። ከበሩ ወዲያ በታጠረው ሜዳ ሰጎኖችና የሜዳ ፍየሎች ይግጣሉ፤ ከርከሮዎች በጉልበታቸው ተንበርክከው ሥር ይምሳሉ። አብዛኛው የቀን ጎብኚ እዚሁ ከሰጎን ጋር ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ይህን ያደረገ ሰው ፓርኩን አየሁ ለማለት ገና ነው። የፓርኩ ስፋት 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚያ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው።

ወደ ውስጥ የሚወስደው የአፈር መንገድ በበጋ አቧራው ጉልበት የሚውጥ፣ በክረምት ደግሞ ጎማ የሚይዝ ነው። አፈሩ የጥንት እሳተ ገሞራ አመድ ስለሆነ ነገሩ አያስገርምም። ልምድ ያለው ስካውት መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጭነቱን በዓይኑ ይቃኛል፤ ስለ ድንኳኑም ሆነ ስለ ምግቡ ሳይጠይቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሃ ስንት ጀሪካን ይዛችኋል?» ብሎ ነው። እንግዳው ሐይቅ ዳር ለማደር እየሄደ ስለ ውሃ መጠየቁ ግር ይለዋል። የሻላ ውሃ ግን አይጠጣም፤ አይቀቀልበትም። ለመጠጥ፣ ለቡና፣ ለምግብና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነው ሁሉ ከከተማ ተጭኖ መምጣት አለበት።

መንገዱ ወደ ኮረብታው ሲወጣ መኪናውን ማቆም ተገቢ ነው። ከዚያ ከፍታ ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ጊዜ ይታያሉ። በመሐላቸው 2,075 ሜትር ከፍታ ያለው ፊቄ ተራራ ቆሟል። አብያታ ጠፍጣፋ፣ ገረጣ ያለ፣ ዳርቻው የት እንደሚጀምር ለዓይን የማይለይ ነው። ሻላ በገደል የተከበበ ሲሆን ውሃው ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ሰማያዊ ነው። አንድ ፓርክ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ እነዚህ ሐይቆች እንዲህ የተለያዩት በጥልቀታቸው ነው።

## አናቱ የገባ ተራራ

ሻላ ሐይቅ ከመሆኑ በፊት እሳተ ገሞራ ነበር። ከ200 ሺህ ዓመታት በፊት በነበረ ዘመን ተራራው በሆዱ የያዘውን ቅልጥ አለትና አመድ ተፍቶ ሲጨርስ፣ ከሥሩ ባዶ የቀረው አናቱ ተደርምሶ ወደ ውስጥ ገባ። ዛሬ ውሃ የሞላው ያ ጎድጓዳ ነው። ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ስለሚደርስ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚተካከለው የለም። ጎረቤቱ ላንጋኖ በጥልቁ ቦታ 47 ሜትር ገደማ ነው። አብያታ በደህና ዘመኑ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አላለፈም።

ከምዕራብ የጊዱ፣ ከደቡብ ምሥራቅ የደዳባ ወንዝ ወደ ሻላ ይገባሉ። የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ከሐይቁ የሚወጣው በፀሐይ ተኖ ብቻ ስለሆነ ወንዞቹና ፍል ውሃዎቹ ያመጡት ሶዳና ጨው እዚያው ይከማቻል። እጁን የነከረ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ እንደ ሳሙና አረፋ ያሟልጫል።

ጸጥታው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሶዳ በበዛበት ውሃ ለአሣ አጥማጅ የሚበቃ አሣ አይኖርም። አሣ ከሌለ ጀልባ የለም፤ ጀልባ ከሌለ ወደብ፣ አሣ ጠባሽ፣ ሻይ ቤት፣ ከዚያም ከተማ አይፈጠርም። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ላንጋኖ የሚዋኙበት በመሆኑ ዳርቻውን ሆቴልና ሎጅ ሞላው፤ የበቀለ ሞላን ሆቴል የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች እዚያ ያሳለፉትን የሠርግ ሰሞን ዛሬም ያወራሉ። ሻላን ግን ኬሚስትሪው ከሁሉም ጠበቀው። ቅዳሜ ማታ ላንጋኖ ላይ ሙዚቃ ሲደምቅ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ ባለው በዚህ ዳርቻ ከማዕበሉ ሌላ ድምፅ የለም።

> ሻላን ኬሚስትሪው ከሁሉም ጠበቀው፤ ለአሣ አጥማጅ የሚበቃ አሣ ስለሌለው ጀልባም፣ ወደብም፣ ከተማም አልመጣበትም።

የምድር ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ሌላም ነገር ይናገራሉ። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝናቡ በበዛበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ፤ ትርፉም በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። አየሩ ሲደርቅ ውሃው ጎደለና አራት ሆነ። ከዚያ አንድነት የቀሩት ሁለት ቀጫጭን ወንዞች ናቸው። ቡልቡላ ከዝዋይ፣ ሆራ ቀሎ ከላንጋኖ ተነሥተው ሁለቱም ወደ አብያታ ይፈስሳሉ። አንባቢ እነዚህን ሁለት ስሞች ልብ ይበል፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

## ሲመሽ

ድንኳን የሚተከለው ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ነው። በዚህ አገር ፀሐይ ከገባች በኋላ ብዙ አታስጠብቅም፤ አመሻሹ አጭር ነው። ቦታው ከገደሉ ጫፍ ገባ ያለ፣ የግራር ጥላ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ የሚነሣው ንፋስ ብርቱ ስለሆነ ካስማው በደንብ ካልተመታ ድንኳኑ ይነሣል። ምግብ ከመኪና ውጭ ማሳደር አይመከርም። ዝንጀሮዎቹ የዚፕ አከፋፈት ያውቃሉ፤ ማታ ደግሞ ጅብ ይመጣል። ስካውቶች እንደሚሉት ጅቡ ሰው ፍለጋ አይመጣም፤ የሥጋ ሽታና ደጅ ያደረ ጫማ ይበቃዋል።

ከአዲስ አበባ በቡድን የሚመጡ ወጣት ተጓዦች ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ እሳት ማንደድ ይቻላል?» ስካውቱ ቶሎ አይመልስም። ከዚያ «እንጨቱን ከየት ልታመጡ ነው ልጆቼ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዙሪያው ያለው እንጨት ሁሉ የፓርኩ ነው፤ የወደቀው ቅርንጫፍም ለምስጥ፣ ለእንሽላሊትና ለወፍ ቤት ነው። በትንሽ ሲሊንደር የሚሠራ ምድጃ ሽሮውንም ቡናውንም ያደርሳል። የቡድን አስተባባሪ የሆኑ ወጣቶች «ያለ እሳት ካምፕ ምን ካምፕ ነው?» የሚሏቸው አባላት እንዳሏቸው ያነሣሉ። ድምፅ ማጉያ ይዘው የሚመጡም አሉ። በዚህ ላይ እኔ መሐል ሰፋሪ ልሆን አልችልም። ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው ላንጋኖ ቅርቡ ነው፤ ሻላ ድረስ ድምፅ ማጉያ ይዞ መምጣት ሌሎች ለመስማት የመጡትን ነገር መንጠቅ ነው።

ድምፅ ሁሉ ሲበርድ ጆሮ ይነቃል። የሌሊት ወፎች ክንፍ፣ ከገደሉ ሥር የማዕበሉ ምት፣ ሩቅ መንደር ውስጥ የውሻ ጩኸት ይሰማል። ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ከሆነ ሰማዩ ከተማ ያደገ ልጅ ያልለመደው ነገር ነው፤ ቤተሰብ ይዘው የመጡ ወላጆች ልጆቻቸውን በዚያ ሰዓት ማስተኛት እንደሚያቅታቸው ይናገራሉ። ማስተኛትም የለባቸውም።

ጎሕ ሲቀድ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ያሉት ፍል ውሃዎች እንፋሎታቸው ጎልቶ ይታያል። ውሃው ከመሬት የሚወጣው ሊፈላ ምንም ያህል ሳይቀረው ነው። የአካባቢው ሰው በቆሎ ይቀቅልበታል፤ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ቀዝቀዝ ከሚልበት ቦታ ላይ ደግሞ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ይታጠቡበታል። ዳርቻው ላይ ሚዛን የሚያስት ስስ ቅርፊት ስላለ ከስካውቱ ቀድሞ መራመድ አደገኛ ነው። ልጆችን በእጅ መያዝ ግድ ነው።

## የፔሊካኖቹ መንገድ

ይህ ፓርክ በ1960ዎቹ ሲታሰብ ዋናው ምክንያት ወፍ ነበር። በሻላ ደሴቶች ላይ ነጭ ፔሊካኖች በሺዎች ሆነው ጎጆ ይሠሩ ነበር፤ ሥፍራው በአፍሪካ ከታወቁት የፔሊካን መራቢያዎች አንዱ ነበር። በወፍ ጥናት ላይ የቆዩ አስጎብኚዎች የነገሩን አሠራር ሲያስረዱ ፊታቸው ይበራል። ፔሊካን እንቁላሉን የሚጥለው መሬት ላይ ስለሆነ ጅብና ቀበሮ የማይደርሱበት ቦታ ይፈልጋል። የሻላ ደሴቶች ለዚህ ተስማሚ ናቸው፤ ሻላ ግን ምግብ የለውም። ምግቡ ያለው አብያታ ነበር። አብያታ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያሞቀው፣ ቆሮሶ አሣ የሚርመሰመስበት ሐይቅ ነበር፤ የሚያስተማምን ደሴት ግን አልነበረውም። ስለዚህ ወፎቹ ሁለቱን ሐይቆች አንድ ቤት አደረጓቸው፤ አንዱ መኝታ፣ ሌላው ጓዳ ሆነ።

ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው፤ በክንፉ ጉልበት ብቻ መጓዝ ያደክመዋል። ስለዚህ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሣት እስኪጀምር ይጠብቃል። ረፋዱ ላይ ክንፉን ዘርግቶ በዚያ ሞቃት አየር እየተሽከረከረ ይወጣል፤ ከፊቄ አናት በላይ ሲደርስ ወደ አብያታ ያዘነብላል። ተመልሶም ጫጩቶቹን በጉሮሮው ከረጢት ከያዘው ይመግባል። በድሮው ዘመን በሻላ ዳር ያደረ ሰው ጠዋቱን የሚያሳልፈው ይህን ሰልፍ አንጋጦ በማየት ነበር።

ዛሬ ረፋድ ላይ አንጋጦ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ወፎች ሊያይ ይችላል፤ ላያይም ይችላል። ያ ሰማይ ባዶ የሆነው ከጓዳው በኩል በደረሰ ጉዳት ነው።

## አብያታ ሲርቅ

ከሻላ ወደ አብያታ የሚሻገር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ሜዳ ነው። ቀድሞ ውሃ የነበረበት፣ አሁን ግራጫ ጭቃ ደርቆ የተሰነጣጠቀበት፣ ላዩ ላይ ነጭ ሶዳ የተነጠፈበት ሰፊ ሜዳ። ዳርቻው በኪሎ ሜትሮች ሸሽቷል። ላዩ ደረቅ ስለሚመስል መኪናቸውን ወደ ውሃው የነዱ ጎብኚዎች ሥሩ ባለው ለስላሳ ጭቃ ተውጠው ትራክተር ፍለጋ የሚንከራተቱበት ጊዜ አለ። በእግር መሄድ ይሻላል። ንፋስ ሲነሣ ነጩ ብናኝ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል።

አብያታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጥቷል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በዳርቻው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተቋቁሞ የሐይቁን ውሃ በፓምፕ እየሳበ በሰፋፊ ገንዳዎች በፀሐይ ማትነን ጀመረ፤ ለብርጭቆና ለሳሙና ሥራ የሚፈለገው ሶዳ የሚገኘው እንዲህ ነው። ከላይ በኩል ደግሞ ዝዋይን የሚመግቡት የመቂና የካታር ወንዞች፣ ዝዋይ ራሱ፣ ከዚያም ቡልቡላ፣ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለአበባ እርሻ በሞተር ይሳባሉ። ለአብያታ የሚደርሰው ከሁሉም የተረፈው ነው። በድርቅ ዓመት የሚተርፍ የለም።

የባለሙያዎች ክርክር የማን ድርሻ ይበልጣል በሚለው ላይ ነው። የገበሬውን ክርክርም መስማት ያሻል። በቡልቡላ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ አባወራ ወንዙ ሐይቅ ገብቶ ጨው ከሚሆን ልጆቹን ቢያሳድግበት ምን ጥፋት እንዳለው ይጠይቃል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በወፍ ፍቅር ብቻ አይመለስም። የእኔ መልስ አብያታ ባዶ ከሆነ በኋላ የሚነሣው የሶዳ አቧራ የሚያርፈው በዚያው ገበሬ ማሳ ላይ ነው የሚል ነው። ሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ከተሞቹና እርሻዎቹ አብረው ውሃ ማጣታቸውን አይተናል። ሐሮማያ ቆይቶ ውሃ መያዝ ጀምሯል፤ ውሃ ግን እንዲህ ተመልሶ መምጣቱ በየትም ዋስትና የለውም።

ውሃው ሲያንስ ጨውነቱ ጨመረ። ጨውነቱ ሲጨምር ቆሮሶው አለቀ። ቆሮሶው ሲያልቅ ፔሊካኖቹ ምግባቸውን በዝዋይና በሌሎች ሐይቆች መፈለግ ጀመሩ፤ ጫጩት ለመመገብ የሚበርሩት መንገድ ረዘመ፤ በሻላ ደሴቶች ጎጆ የሚሠሩትም ቁጥር አሽቆለቆለ።

> ውሃው ሲያንስ ጨውነቱ ጨመረ። ጨውነቱ ሲጨምር ቆሮሶው አለቀ።

በዚህ መሐል የተጠቀመ ወፍም አለ። ፍላሚንጎ የሚመገበው በሶዳማ ውሃ የሚበቅለውን ረቂቅ አልጌ ስለሆነ በአብያታ ዳር በሮዝ ቀለም ተሰልፎ ይታያል፤ ከሻላ ደቡብ ምዕራብ ባለችው ትንሿ የጭቱ ሐይቅም እንዲሁ። ፎቶ አንሺዎች በጣም ይወዱታል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ስደተኛ ወፎችም ሲጨመሩ ዳርቻው አሁንም የሚታይ ነገር አለው። በፓርኩ ከ400 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ይሁንና የፍላሚንጎው መንጋ ያማረ ፎቶ ሐይቁ ደህና ነው እንደ ማለት ተደርጎ መወሰዱ ያሳዝነኛል፤ ውሃው እየጠበበ ከሄደ ለእነሱም የሚሆን አልጌ አይተርፍም።

## ከከሰሉ ኬሻ ጀርባ

ስካውቱ በግራሮቹ መካከል ሲመራ አንዳንድ ቦታ ቆም ይላል። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የተቆረጠ ጉቶ፣ ከአጠገቡ ጠቁሮ የቀረ ክብ መሬት አለ። ከሰል የተከሰለበት ነው። ዛፉ ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ በቅጠልና በአፈር ተሸፍኖ፣ እሳቱ ሳይነድድ ለቀናት እየጤሰ ይከስላል። ለዚህ የሚፈለገው ጠንካራው፣ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈጅበት ግራር ነው።

ፓርኩ ለረጅም ዓመታት ድንበሩ በሕግ ሳይጸድቅ ቆይቷል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት ጥበቃው ሲላላ ብዙ ሰው ገብቶ ሰፈረ፤ ዛሬ በፓርኩ ክልል ውስጥ መንደር፣ እርሻና የከብት መንጋ አለ። ለግንባታ አሸዋ የሚጭኑ መኪኖችም ይገባሉ። የአካባቢው አረጋውያን መሬቱ ከፓርኩ በፊት የአባቶቻቸው ግጦሽ እንደነበር ያስታውሳሉ። ለእንስሳው ተብሎ ሲከለል ከጎብኚው ገንዘብ ለመንደሩ የደረሰ ነገር እንዳላዩ ይናገራሉ። ከሰል የምትሸጥ እናት ደግሞ በቆሎው በዝናብ እጥረት ሲበላሽ ለልጆቿ ደብተር መግዣ ሌላ የሚሸጥ ነገር እንደሌላት ትናገራለች። ገዢዎቿ እነማን እንደሆኑ ስትጠየቅ በእጇ አስፋልቱን ታሳያለች። ከሐዋሳ፣ ከሻሸመኔና ከላንጋኖ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ መኪኖች ናቸው።

የስካውቱ ኑሮ በሁለቱ መሐል የተጣበቀ ነው። እሱም የዚያው መንደር ልጅ ነው። ጠዋት ከሰል ሲያወጣ የያዘውን ሰው ማታ ለቅሶ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ያገኘዋል። አንዱ ዕድር ይቀብራቸዋል። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚጠብቀው መሬት ሰፊ ነው። በዚህ ሁኔታ ዛፍ ተቆርጦ በተገኘ ቁጥር ጥፋቱን በስካውት ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም።

ድንኳን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ለዚህ ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በበሩ ፎቶ ተነሥቶ የሚመለስ ሰው ለመንደሩ የሚተውለት ነገር የለም። የሚያድር ሰው ግን ስካውት ያስፈልገዋል፤ የሌሊት ጠባቂ፣ ዕቃ ተሸካሚ፣ እንቁላልና ወተት የሚሸጥለት ጎረቤት፣ ወፎቹን በስማቸው የሚጠራለት ወጣት መሪ ያስፈልገዋል። ከበሩ ከሚከፈለው ደረሰኝ ውጭ ያለው ይህ ገንዘብ በቀጥታ ከሰል ሻጯ ደጅ ሊደርስ የሚችል ነው። የሚያድረው ሰው ግን ገና ጥቂት ነው። የካምፑ ቦታ ንጹሕ መጸዳጃ ቢኖረው፣ መሪዎቹ በደንብ ቢሠለጥኑ፣ ሌሊት የሚያድረው ሰው እንደሚጨምር አስጎብኚዎች ይስማማሉ።

## ሲመለሱ ባቱ ላይ

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ባቱ ላይ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወደብ መውረድ ይገባል። ጀልባዎች አሣ ያራግፋሉ፤ ሴቶችና ወጣቶች ቆሮሶውን እየገፈፉ ፊሌቶ ያወጣሉ፤ አባ ኮዳዎችና ፔሊካኖች ትራፊ ለመቅለብ በእግራቸው ሥር ይጋፋሉ። ልጆች ያለ ፍርሃት ይነኳቸዋል። ጎብኚው ደስ ብሎት ፎቶ ያነሣል። እነዚህ ፔሊካኖች የአብያታን ጓዳ ካጡት ወገን ናቸው።

ዝዋይም ራሱ ጥልቀቱ 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ሐይቅ የሚጠጣው ከተማ፣ የሚያጠጣው እርሻ፣ የሚያጠምደው አሣ አጥማጅ ሁሉ በየዓመቱ ይጨምራል። ወደ ቡልቡላ የሚወርደው ውሃ የሚወሰነውም እዚህ ነው። ለአብያታ በየዓመቱ በስሙ የሚለቀቅ፣ በድርቅ ዓመትም የማይነካ የውሃ ድርሻ እንዲመደብ የሐይቅ ተመራማሪዎች ይጠይቃሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር እጠይቃለሁ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በሻላ ዳር ስካውት ሊያቆም ይችላል፤ ባቱ ላይ ያለውን ፓምፕ ግን ማዘዝ አይችልም። ማዘዝ የሚችሉት የውሃ፣ የመስኖና የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ከወንዙ ግርጌ ያለውን ሐይቅ እንደ አንድ ውሃ ጠጪ ቆጥረው በዕቅዳቸው ውስጥ ማስገባት ያለባቸውም እነሱ ናቸው።